ጥገናው ተሠርቷል፤ ሸርቆሌ ግን አልደረሰም

«አፕዴት እንዳታደርገው! ስልኩን ያበላሽብሃል።»

ይህን ምክር ከሞባይል ሻጭ ወይም ከጠጋኝ ያልሰማ፣ ሰምቶም ለዘመድ ለወዳጁ ያላስተላለፈ ከተሜ የሚገኝ አይመስለኝም። ምክሩ ከመርካቶ ይነሣል፤ ከቀፎው ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ የታሸገ ይመስል አሶሳ ይደርሳል፤ ከአሶሳም አልፎ ሸርቆሌ ይገባል። «አትቀበለው» የተባለው ጥገና ግን መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ዛሬ የምሟገተው፣ ይህ ነገር ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ሻጩም፣ መንግሥትም፣ እኛ ተማርን ባዮችም የምንጠየቅበት ጉዳይ ነው ብዬ ነው።

«ሸርቆሌን ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ላስረዳ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለው የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነው። ከዚያ ወዲህ የብሉ ናይል ሰው፣ የደቡብ ሱዳን ሰው፣ ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ድረስ የመጣ ሰው ተጠልሎበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ሌላ ሕዝብ ወደ ክልሉ ገባ። ቤተሰቡ በሦስትና በአራት አገር ለተበተነ ሰው ስልክ የእናቱን ድምፅ የሚሰማበት፣ ከውጭ የተላከለት ገንዘብ መድረሱን የሚያውቅበት፣ የሞተና የተረፈ የሚለይበት ዕቃ ነው። ከካምፑ ውጭ ያለው የበርታ ገበሬና ነጋዴም ቢሆን ገበያውንና ዘመዱን የሚያገኘው በዚችው ቀፎ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስደተኞችም በፋይዳ መመዝገብ ጀምረዋል። ገንዘቡም መታወቂያውም ቀስ በቀስ ወደ ስልክ እየገባ ነው ማለት ነው።

ቀፎዋ ደግሞ፣ ስማርት ስልክ ከሆነች፣ ባብዛኛው አንድሮይድ ናት። አንድሮይድ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በጀመረው በሊኑክስ ላይ ነው። የሁለቱም መሠረት «ክፍት ምንጭ»፣ ፈረንጆቹ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ነው፤ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ይቀዳዋል፣ ያርመዋል። እንግዲህ ሸርቆሌ ውስጥ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ኪሱ ውስጥ ኮምፒውተር ይዞ ይዞራል። የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ የሚያነበውና የሚያርመው መጽሐፍም አብሮት ይዞራል።

መጽሐፍ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን ስናነሣ ከምንወያይባቸው ነገሮች አንዱ ግድፈት ነበር። አንድ መጽሐፍ ከደብር ደብር ሲገለበጥ ጸሐፊው ቃል ይገድፋል፣ መሥመር ይዘላል። አራሚው መጥቶ ይፍቃል፣ በመሥመር መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ ያቃናል። መጽሐፉ የሚጠራው በአንባቢ ብዛት ነው። ክፍት ምንጭም የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው፤ ብዙ ዓይን ያየው ስሕተት ተደብቆ አይኖርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችን ቢያዩት ደስ ይሰኙበት ነበር።

ብራናው ግን ሌላም የሚያስተምረን አለ። ጎንደር ያለው ቅጂ ቢታረም፣ ከእርማቱ በፊት ተገልብጦ ሌላ ደብር የሄደው ቅጂ አብሮ አይታረምም። እዚያ ያለው አንባቢ ከነግድፈቱ እያነበበ ይኖራል። በብራና ዘመን ጉዳቱ ቢበዛ የአንድ ዓረፍተ ነገር መጣመም ነበር። በስልክ ዘመን ግን መሐል ላይ ሌባ አለ። ሌባውም ያነባል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ስለ አንድሮይድ በየጊዜው የደህንነት መግለጫ ያወጣል፤ «እዚህ ቦታ ቀዳዳ ተገኝቷል፣ እንዲህ ተደርጎ ተደፍኗል» ይላል። የጥገናው ኮድም ይፋ ይሆናል። ደግ ሥራ ነው። ሌባው ግን ጥገናውን አንብቦ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይረዳል፤ ከዚያም ያልተጠገነ ስልክ ፍለጋ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ቀዳዳው ከመታወቁ በፊት ስልኩን ይጠብቀው የነበረው የሌባው አለማወቅ ነበር። ጥገናው በይፋ ሲወጣ ያ ጥበቃ ይነሣል። ጥገናው የደረሰው ሰው ችግር የለበትም፣ ቀዳዳው ተደፍኖለታል። ያልደረሰው ሰው ግን የጓሮ በሩ ክፍት መሆኑ በአደባባይ ተለፍፎበታል። የአንዱ ስልክ ሲታረም ያልታረመው የሌላው ስልክ ባለበት አይቆይም፤ አደጋው ከትናንቱ ይብስበታል። ይህን ሳስብ ነው «ጥገና ወጥቷል» የሚለው ዜና ለሸርቆሌ የምሥራች መሆኑን የምጠራጠረው።

ይህ የወደፊት ስጋት ቢሆን ኖሮ ጊዜ አለን እል ነበር። ግን ሆኗል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለው የሞባይል ደህንነት ኩባንያና ብዝፊድ ኒውስ የተባለው የዜና ተቋም ስለ አንድ ርካሽ ስልክ፣ ስለ ቴክኖ ደብልዩ 2፣ አንድ ጉድ አወጡ። ቀፎው ገና ከካርቶን ሲወጣ ትሪያዳ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖበት ነበር፤ ትሪያዳም ኤክስሄልፐር የሚባለውን ሌላውን ይጠራል። ሁለቱ ተጋግዘው ባለቤቱ ሳያውቅ ገንዘብ ለሚያስከፍሉ የስልክ አገልግሎቶች ያስመዘግቡታል። ካርዱ ያልቃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ ቀፎዎች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መዝግቤአለሁ አለ። በብዛት የታየባቸው አገሮች ተብለው ከተጠሩት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ከግብፅ፣ ከካሜሩን፣ ከጋናና ከደቡብ አፍሪካ ጋር።

«ስልኬ ካርድ ይበላል» ሲሉን ስንት ዓመት ስቀናል? ሠራተኛችን ስትነግረን «ራስሽ ደውለሽበት ነው» አልናት። የገጠር ዘመዳችን ሲነግረን «አንተ አትችልበትም» አልነው። ካርዱን የሚበላው ነገር ከፋብሪካ አብሮ መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ አልፈለግንም፤ ድሃውን መጠርጠር ይቀለናልና።

የስልኩ ባለቤት የሆነው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ምን አለ? ተጠያቂው በምርት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አቅራቢ ነው፣ ጉዳዩም የቆየና የተፈታ ነው አለ። ለትሪያዳ እ.ኤ.አ. በማርች 2018፣ ለኤክስሄልፐር ደግሞ በ2019 መጨረሻ ጥገና አውጥቻለሁ አለ። ይሁን፣ እንመነው። ጥገናው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ በ2019 እና በ2020 ገንዘብ ይወጣባቸው የነበሩት ቀፎዎች ምን ነካቸው? መልሱ አንድ ነው፤ ጥገናው ወጣ እንጂ አልደረሰም። «አውጥቻለሁ» እና «አድርሻለሁ» የተለያዩ ግሦች ናቸው። ሰዋስው የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ።

የመጀመሪያው «ሰዉ ስለማያውቅ ነው፤ ቢማር ያዘምን ነበር» ይላል። እውቀትማ ከኤኩዊፋክስ በላይ ማን ነበረው? ኤኩዊፋክስ የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዝ ትልቅ ኩባንያ ነው። አፓቼ ስትረትስ በሚባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ከነጥገናው ተነገረ። ኩባንያው ድረ ገጹን ሳይጠግን ቀረ። በሜይ ሌቦች ገቡ፤ የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወሰደ። መሐንዲስ በደጁ ተሰልፎለት፣ ኢንተርኔት እንደ ውኃ እየፈሰሰለት ያላዘመነ ኩባንያ ባለበት ዓለም፣ በፓኬጅ የምትቆጠር ዳታ ያለውን ስደተኛ «አላዋቂ» ማለት ነውር ነው።

ሁለተኛው ደግሞ «ጥፋቱ የክፍት ምንጭ ነው፤ ሁሉም ገብቶ የሚነካካው ነገር እንዴት ይታመናል?» ባይ ነው። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት ስላለው በጥሞና ይታይ። ባሽ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ውስጥ ሼልሾክ የተባለው ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪገኝ ድረስ ለ25 ዓመት ያህል ተኝቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሃርትብሊድ የተባለው ሌላው ቀዳዳ የተገኘበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል፣ የዓለም ባንክና ገበያ የሚተማመንበት የመቆለፊያ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ፣ በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤክስ ዚ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ የጓሮ በር ተገኘ። ተካዩ ከሁለት ዓመት በላይ ደግ ረዳት መስሎ ሠርቶ፣ ፕሮግራሙን ብቻውን ይዞ የደከመውን በጎ ፈቃደኛ አመኔታ ያገኘ ሰው ነው። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሲሆን፣ ነገሩን የጠረጠረው ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰከንድ ስለዘገየበት ነበር።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንል የለ? ክፍት ምንጭ ሃምሳ ሰው ሲሸከመው ጌጥ ነው። ሃምሳ ሚሊዮን ሰው ሲጠቀምበት፣ አንድ ሰው ብቻ ሲሸከመው ግን ያ ሰው ይጎብጣል። ጥፋቱ ከመከፈቱ አልመጣም፤ ሁሉም በልቶ ማንም አለማዋጣቱ ነው። መዝጋት መድኃኒት እንዳልሆነም በግንቦት 2009 ዓ.ም. አይተናል። ያኔ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ሲያምስ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሲያሰርዝ፣ የገባው በዊንዶውስ ቀዳዳ ነበር። ዊንዶውስ ዝግ ነው። ጥገናውም ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። በዚህም በዚያም ጉዳቱ የደረሰው ጥገና ባልደረሰበት ቤት ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ የሞባይል ጠጋኙ ነው፤ እሱን አከብረዋለሁ። «አፕዴት ያበላሻል» የሚለው ካየው ተነሥቶ ነው። የርካሽ ቀፎ ማከማቻ ጠባብ ነው፤ ፋይሉ እየወረደ ፓኬጁ ያልቃል፤ ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ይሄዳል፤ የተጫነው አዲስ ነገርም አሮጌውን ስልክ ያንፏቅቀዋል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩባት ሌሊት ትዝ ትለናለች። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተፈጠረው በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ ነው አለ። 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቶ፣ ተማሪ በስም ዝርዝር እየተለጠፈ መልስ ተባለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ አንድ የተሳሳተ ዝማኔ ለቅቆ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ዋሉ።

ስለዚህ ጠጋኙ አልዋሸም። ከዚህ የሚከተለው ግን ዝማኔ ተፈትኖ፣ በጥቂት ሰው ላይ ተሞክሮ፣ በትንሽ መጠን ተከፋፍሎ ይላክ የሚል ነው እንጂ ጭራሽ ይቅር የሚል አይደለም። ክትባት ክንድ ያሳብጣል ተብሎ ሕፃን ሳይከተብ ይደግ አይባልም።

አራተኛውና በጣም የሚያናድደኝ «ምን ይደረግ፣ ርካሽ ስልክ ነው የገዛው» የሚለው ነው። ርካሽ መድኃኒትም እንገዛለን። ግን ርካሽ ነው ተብሎ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንዲሸጥልን አንፈቅድም፤ የተበላሸበት ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ስልክስ? ስልክም ጊዜው ያልፍበታል። አምራቹ ጥገና መላክ ያቆመበት ቀን ያ ቀፎ «ኤክስፓየርድ» ያደረገበት ቀን ነው። ይህን ቀን ገዢው አያውቀውም። ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቀውም። አምራቹ ግን ያውቀዋል። አንዳንዱ ቀፎ ካርቶኑ ሳይከፈት ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ተብሎ ይሸጣል፤ ስጦታ ሆኖ ለእናት ይላካል።

ይህ የማይቻል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ ሌሎች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክም ሆነ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ሌላ ዕቃ ሲሸጥ፣ የደህንነት ጥገና ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚላክለት በግልጽ መነገር አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ የስልክ አምራች ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ዝማኔ ማቅረብ አለበት። ለእነሱ የሚሸጠውን የሚሠራ ፋብሪካ ለእኛም ይሠራል። ልዩነቱ እነሱ ጠየቁ፣ እኛ አልጠየቅንም።

«እኛ አገር ቀፎ መቆጣጠር ከባድ ነው» የሚለኝ ቢኖር በመስከረም 2010 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሰዋለሁ። ያኔ ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎ ምዝገባ ጀምሮ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስልክ ከኔትወርክ ይወጣል ተብሎ አገር ተጨንቆ ነበር። እያንዳንዱ ቀፎ ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር እንዳለው ገበሬው ሳይቀር የተማረው ያን ጊዜ ነው። ለቀረጥ ሲሆን ቀፎ አንድ በአንድ ይቆጠራል ማለት ነው። ለባለቤቱ ደህንነት ሲሆን ግን የመቁጠሪያው ጣት ያልቃል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም በተቋማት ላይ የተሰነዘሩ ጥቃቶችን ቁጥር በየጊዜው ይነግረናል። መልካም ነው። ከድሃ ስልክ የተበላውን ካርድ ድምር ግን ሲነግረን ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማንኛውም ስማርት ስልክ፣ ከውጭ ቢገባም እዚህ ቢገጣጠም፣ «የደህንነት ጥገና የሚላክለት እስከዚህ ቀን ነው» የሚል ጽሑፍ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ካርቶኑ ላይ ሳይኖረው እንዳይሸጥ ያድርግ። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተጽፏል። አዲስ መብት አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ፣ የደህንነት ዝማኔ ዳታ አይቆጠርበት። ቴሌብርን ለመክፈት ዳታ ሳይቆጥሩ ማስተናገድ የሚቻል ከሆነ፣ ቴሌብር ያለበትን ስልክ ለመጠገኛም ይቻላል። ሁለቱም የቴሌኮም ኩባንያዎች ደንበኛቸው ሲዘረፍ እነሱም ይከስራሉ፤ ካርድ ያለቀበት ሰው አይደውልም።

ሦስተኛ፣ ክፍት ምንጭ የሰጠንን መብት እንጠቀምበት። እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ ዓይነቶች በነፃ ይገለበጣሉ፤ ዝማኔያቸውም አንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ቦታ ከተቀመጠ፣ በዚያ ግቢ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ወጪ ከዚያ ይወስደዋል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ መጋዘን ቢያቆም፣ የክልሉ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የካምፑ ማሠልጠኛዎች ሊቀዱበት ይችላሉ። ዝማኔው እንዳይመጣ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ከተጫነ የተሰረቀ ዊንዶውስ ይህ በብዙ ይሻላል። ተማሪዎቹም ግድፈት መፈለግንና ማረምን ይለምዳሉ፤ አራሚነት የአባቶቻቸው ሙያ ነው።

አራተኛ፣ አገልግሎቱን ስልክ ላይ የሚጭን ሁሉ፣ ባንክም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት፣ በጣም ርካሹን ቀፎ የያዘውን ሰው አስቦ ይሥራ። «ዲጂታል ሆነናል» ብሎ ወረፋውን አስቀርቶ፣ ገንዘቡ ሲጠፋ «ስልክህ አሮጌ ስለሆነ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት አይገባም። ስደተኛው ይህን መንገድ አልመረጠም፤ ተመርጦለት ነው።

አንድ አዲስ አገልግሎት በተመረቀ ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፣ ስንት ሚሊዮን ሰው እንደሚጠቀም ይነገራል፣ ይጨበጨባል። ከእንግዲህ ከጭብጨባው በፊት አንድ ጋዜጠኛ እጁን አውጥቶ ይህን ይጠይቅልኝ፤ ነገ ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው ሸርቆሌ በስንት ቀን ይደርሳል? መልስ የሌለው ባለሥልጣን ሪባኑን አይቁረጥ።